ዳገቱን በትዕግሥት፣ ቁልቁለቱን በብልሃት፦ የብስክሌት ክበባችን የዓመቱ ትምህርት



ባለፈው ዓመት በዚህ መጽሔት የክበቦች ገጽ ላይ የእኛ ፎቶግራፍ አልወጣም ነበር። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በሊሙሩ አካባቢ፣ በአንድ የሻይ እርሻ ውስጥ በተደረገ የአማተሮች የተራራ ብስክሌት ውድድር ላይ ስምንት ሆነን ተሰልፈን የጨረስነው ሦስት ብቻ ነበርን። ሁለቱ በሁለተኛው ዙር ጉልበታቸው አልቆ መንገድ ዳር ተቀመጡ። የሁለቱ ጎማ ተነፈሰ፤ መቀየሪያም ሆነ መንፊያ አልያዙም ነበር። አንዷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬኗን አጥብቃ ስትይዝ በመሪው ላይ ተወርውራ ወደቀች፤ የእጇ አንጓም ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ እናቷ ተነሥተው፣ «ልጆቻችንን የላክናቸው ለትምህርት ነው ወይስ ለገደል?» ሲሉ ጠየቁ። ከእኛ መካከል መልስ የነበረው ማንም አልነበረም። ክበቡ ይዘጋ የሚሉ ወላጆች ብዙ ነበሩ። በመጨረሻ ስብሰባው አንድ ዓመት ሰጠን፤ ሁለት ቅድመ ሁኔታም አስቀመጠ። አንደኛው ያለ መምህር እንዳንወጣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምን እንዳጠፋንና ምን እንደተማርን ጽፈን ለሁሉም እንድናቀርብ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ቃላችንን የምንፈጽምበት ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። ባለፈው ዓመት ድፍረት አልጎደለንም ነበር፤ እንዲያውም ተርፎናል። የጎደለን ልክን ማወቅ ነበር። ዳገቱን ያለ ልክ ጀመርን፤ ቁልቁለቱንም ያለ ልክ ወረድን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ፣ ስለ ማርሽም ይሁን ስለ ፍሬን ወይም ስለ በሶ፣ ልክን ስለማወቅ ነው።

የተራራ ብስክሌት ከየት መጣ?

በተራራና በጫካ መንገድ ብስክሌት መንዳት ጥንትም ነበረ። የጎዳና ውድድር በመላው ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የእኛም አገር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። የተራራ ብስክሌት ውድድር ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኖ የወጣው ግን በቅርብ ነው፤ የተጀመረውም አሜሪካ ውስጥ፣ በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ ነው።

በ1970ዎቹ በዚያ የሚኖሩ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ከባድ ብስክሌቶች እየሰበሰቡ ከታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ቁልቁል ይነዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ተራ በተራ እየወረዱ ሰዓት መያዝ ጀመሩ። መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ነገር ግን 400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። የብስክሌቶቹ ፍሬን የሚሠራው ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ ስለ ነበረ፣ ከታች ሲደርሱ በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ያለው ግራሶ በሙቀት ተቃጥሎ ይጨስ ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ፈትተው እንደገና ግራሶ ይሞሉታል። የውድድሩ ስም «ሪፓክ» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ «እንደገና መሙላት» ማለት ነው። ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ የነበረው ጆ ብሪዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ የብስክሌት አካል በጁ ሠራ። በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ የተራራ ብስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የሜዳሊያ ውድድር ሆነ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ደስ ያለን አንድ ነገር አለ። ስፖርቱን የጀመሩት ሰዎች ብስክሌታቸውን በጃቸው የሚፈቱና የሚገጥሙ ነበሩ። እኛ ግን ባለፈው ዓመት ጎማ መቀየር እንኳ አናውቅም ነበር።

ብስክሌቱን ማወቅ

ብስክሌቶቻችን አዲስ አይደሉም። አብዛኞቹ ከሚቱምባ የተገዙ፣ የሌላ አገር ልጅ ነድቶ የጠገባቸው ናቸው። ለመጀመሪያ ውድድር ይህ በቂ ነው። ብስክሌቱ ውድ ከሚሆን ይልቅ ልክ ቢሆን፣ ፍሬኑ ቢይዝና ካቴናው ቢቀባ ይሻላል። የኮርቻውን ከፍታ የምናስተካክለው እንዲህ ነው፦ ፔዳሉ ወደ ታች ሲደርስ ተረከዛችንን እናሳርፍበታለን፤ ያን ጊዜ እግራችን ቀጥ ማለት አለበት። በፊት እግራችን ስንረግጥ ጉልበታችን በጥቂቱ እጥፍ ይላል። ኮርቻው ዝቅ ሲል ጉልበት ያማል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ወገብ ይወዛወዛል።

የማርሽን ነገር የሒሳብ መምህራችን በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አስተማሩን። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን ብስክሌቱን በመሬት ላይ አንድ ዙር አንከባለልነውና ርቀቱን ለካን፤ 2.1 ሜትር ያህል መጣ። ቀጥሎ ጥርሶቹን ቆጠርን። በፊተኛው ትንሹ ማርሽ ላይ 22፣ በኋለኛው ትልቁ ላይ 34 ጥርስ አለ። 22ን ለ34 ብናካፍል 0.65 ያህል ነው። ስለዚህ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ስናዞር ብስክሌቱ የሚሄደው 1.36 ሜትር ብቻ ነው። በከባዱ ማርሽ ግን ከፊት 42፣ ከኋላ 11 ጥርስ ስላለ አንድ ዙር ፔዳል 8 ሜትር ይወስደናል።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። ዳገት ላይ 8 ሜትሩን በአንድ ዙር ለመሄድ የሚፈለገው ግፊት ከ1.36 ሜትሩ ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ማርሽ ጉልበት አይፈጥርም፤ ያለንን ጉልበት በብዙ ትንንሽ እርምጃ ይከፋፍልልናል። ባለፈው ዓመት ቀላሉን ማርሽ መጠቀም ደካማነት ይመስለን ነበር። ሌላም ስሕተት ነበረን፤ ዳገቱ መሃል ከደረስን በኋላ ማርሽ ስንቀይር ካቴናው እየተንቋቋ ይወልቅ ነበር። ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ፔዳሉ ገና ሳይከብድ ነው።

ስለ ጎማ ደግሞ፦ ጎሚስታ ዘንድ ሄደን «በደንብ ሙላልን» ስንል እንደ ድንጋይ አጠንክሮ ይሰጠን ነበር። ለአስፋልት ጥሩ ነው። በጭቃና በድንጋይ ላይ ግን በጣም የጠነከረ ጎማ ይነጥራል እንጂ መሬቱን አይዝም። በጣም ሲላላ ደግሞ ድንጋይ ሲመታው የውስጡ ጎማ በቸርኬው ጠርዝ ተቆንጥጦ ሁለት ቀዳዳ ይወጣበታል። ክብደታችን ከ40 እስከ 60 ኪሎ ለሆንን ልጆች 30 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ተስማምቶናል። ሁላችንም አሁን የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የጎማ ማውለቂያና መንፊያ ሳንይዝ ከግቢ አንወጣም። የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ ጎማ አውልቃ ቀይራ ለመንፋት ስድስት ደቂቃ ይበቃታል።

«ሀ ሁ ሂ» የሚለው መለኪያ

አሁን ወደ ልምምዱ እንምጣ። ባለፈው ዓመት ልምምዳችን አንድ ዓይነት ነበር፤ ከበሩ እንደወጣን ማን ይቀድማል እያልን መሮጥ። በሃያ ደቂቃ ሁላችንም እናለከልካለን፤ ከዚያ ቆመን ሶዳ እንጠጣለን። እየተለማመድን ይመስለን ነበር።

የሰውነት ጽናት የሚሠራው በአብዛኛው በቀስታ በሚነዳ ረጅም ጊዜ ነው። ቀስ ብለን ለረጅም ሰዓት ስንነዳ ልባችን በእያንዳንዱ ምት ብዙ ደም መግፋትን ትለምዳለች፤ በጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ ጡንቻውም ስብን ማቃጠል ይማርና ቁጥብ የሆነውን ስኳር ለክፉ ቀን ያቆያል። ዘወትር በሙሉ ኃይል የሚነዳ ሰው ግን በደንብ ሳያርፍ ሌላ ድካም ይጨምራል።

የልብ ምት መቁጠሪያ ሰዓት የለንም። በምትኩ ከፊደላችን መለኪያ አወጣን። እየነዳን በአንድ ትንፋሽ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብለን መጨረስ ከቻልን ልኩ ላይ ነን። «ሂ» ላይ ትንፋሻችን ከተቆረጠ ፈጥነናል ማለት ነው። ሰባቱን ጨርሰን «ለ ሉ ሊ» ብለን ከቀጠልንም እየተንሸራሸርን ነው። መጀመሪያ ላይ ሳቅንበት፤ በኋላ ግን በካሩራ ጫካ ውስጥ ስምንት ልጆች ፊደል እየቆጠሩ ሲያልፉ ያዩ ሰዎች ሁሉ ሳቁ። አንድ የጫካው ጠባቂ በየሳምንቱ ሲያየን «ፖሌ ፖሌ!» ይለናል፤ በስዋሂሊ ቀስ በሉ ማለት ነው። የእኛ ሰውስ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይል የለ?

ከፍታንም መዘንጋት የለብንም። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሊሙሩ ደግሞ ከዚያ ብዙ ትበልጣለች። የናይሮቢ የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንኑ ያህል ያንሳል። ከጅቡቲ በቅርቡ የመጣ አንድ አባላችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ኋላ ሲቀር በራሱ ያዝን ነበር። ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ፣ ሰውነቱ ቀይ የደም ሴሎችን ለመጨመር ሳምንታት እንደሚያስፈልጉት ስናነብለት ፊቱ በራ።

የአሥራ ሁለት ሳምንቱ ፕሮግራማችን የሚከተለው ነበር፦

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት፦ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ በግቢ ውስጥ 45 ደቂቃ የሚዛን፣ የፍሬንና የመታጠፍ ልምምድ። ሐሙስ አንድ ሰዓት ቀላል ጉዞ። ቅዳሜ በካሩራ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመርን እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። አራተኛው ሳምንት የእረፍት ሳምንት ስለሆነ ሁሉም በግማሽ ይቀንሳል።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፦ ሐሙስ ዳገት እንጨምራለን። አራት ደቂቃ ጠንክሮ መውጣት፣ አራት ደቂቃ ቀስ ብሎ መውረድ፤ ይህን አራት ጊዜ። እዚህ ላይ «ሂ» ላይ መቆረጥ ይፈቀዳል። ቅዳሜ እስከ ሁለት ሰዓት እንነዳለን። ስምንተኛው ሳምንት እንደገና ቀላል ነው።

ከ9ኛ እስከ 11ኛ ሳምንት፦ ቅዳሜ የውድድሩን ዓይነት ዙር እንለማመዳለን፤ አንድ ዙር ቀስ ብሎ፣ አንድ ዙር በውድድር ፍጥነት።

12ኛ ሳምንት፦ ልምምዱን በግማሽ እንቀንሳለን። በዚህ ሳምንት የሚጨመር ጉልበት የለም፤ የሚወጣው ድካም ነው።

እሑድ ሁልጊዜ እረፍት ነው። ፈተና ባለበት ሳምንትም ሐሙስን እንተዋለን። ይህን ያስገደዱን መምህራኖቻችን ናቸው፤ ትክክል ነበሩ።

ፍሬንና ዓይን

ባለፈው ዓመት አደጋ የደረሰው ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ከሁሉም አብልጠን የተማርነው ይህን ነው።

ብስክሌት ፍሬን ሲይዝ የነጂው ክብደት ወደ ፊት ይሸጋገራል። ስለዚህ የፊተኛው ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፤ የኋለኛው ይቀላል። የማቆም ኃይል የሚበዛውም በፊተኛው ፍሬን ነው። ብዙ ሰው «የፊቱን አትንካ» ብሎ ይመክራል፤ ይህ ምክር ግማሽ እውነት ነው። የኋላውን ብቻ ከያዝን ጎማው ይንሸራተታል፤ ብስክሌቱም ቶሎ አይቆምም። የፊቱን በድንገት ከጨመቅን ደግሞ ጎማው ይቆልፍና እኛ በመሪው ላይ እናልፋለን። መፍትሔው ሁለቱንም በአንድ አንድ ጣት፣ ቀስ እያሉ መጫን ነው፤ በዚያው ጊዜ ክርንና ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ወገብን ከኮርቻው ወደ ኋላ ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ መታጠፊያው ውስጥ ሲገቡ ይለቀቃል። በፊዚክስ ክፍል እንደተማርነው የሚንቀሳቀስ ነገር ያለው ኃይል ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በ3 ሜትር የሚቆም ከሆነ፣ በዚያው መሬትና በዚያው ፍሬን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 12 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህን በግቢው አሸዋ ላይ መስመር አስምረን ሞከርነው። ቁጥሩ ልክ ባይመጣም ትምህርቱ ገባን።

ሦስተኛው ዓይን ነው። ብስክሌት የሚሄደው ዓይን ወዳየበት ነው። ድንጋዩን አፍጥጦ የሚያይ ሰው ድንጋዩን ይመታል። ስለዚህ ከድንጋዩ አጠገብ ያለውን ክፍት መንገድ፣ ከአሥር ሜትር በላይ ወደ ፊት እናያለን። የእጇ አንጓ የተሰበረው እህታችን ራሷ የነገረችን ይህን ነው፦ «ሥሩን ብቻ ነበር የማየው። እንዳልመታው ስል ሌላ ምንም አላየሁም» አለችን።

ሄልሜት ያልለበሰ አይነዳም። የፊቱ ጠርዝ ከቅንድብ ሁለት ጣት ብቻ ከፍ ይላል፤ ከአገጭ ሥር ያለው ማሰሪያ አንድ ወይም ሁለት ጣት ያስገባል። ወድቆ የተመታ ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ይጣላል።

በሶ፣ ውሃና እንቅልፍ

ጡንቻ የሚያከማቸው ስኳር ግላይኮጅን ይባላል። ጠንክሮ ለሚነዳ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ባለፈው ዓመት መንገድ ዳር የተቀመጡት ሁለቱ ልጆች ቁርስ ሳይበሉ ነበር የመጡት፤ ስለ ተጨነቁ ምግብ አልወረደላቸውም ነበር። በሁለተኛው ዙር እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይናቸውም ጨለመ።

አሁን ከውድድሩ ሦስት ሰዓት ያህል በፊት ገንፎ ወይም ዳቦ በማር እንበላለን። ከአንድ ሰዓት በላይ በሚነዳ ጊዜ ደግሞ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል አለው። ውድ የሆነው የፋብሪካ ምግብ አላስፈለገንም። አያቶቻችን መንገድ ሲወጡ የሚይዙት በሶ አለ። የበሶ ዱቄትን በማርና በቁንጥጫ ጨው ለውሰን እንደ እንቁላል እያድበለበልን ጭብጦ ሠራን፤ ኪስ ውስጥ አይፈስስም፣ በአንድ እጅ ይበላል። ቴምርም ጥሩ ነው። ቆሎ ግን እየነዱ ለማኘክ ስለሚያስቸግርና ትንታ ስለሚያመጣ ከውድድሩ በኋላ ይቆይ።

ጾምን በተመለከተ ከቤተሰቦቻችን ጋር ተነጋገርን። ከእኛ መካከል የኦርቶዶክስም የእስልምናም ተከታዮች አሉ። በጾም ሰሞን ከባዱን ልምምድ ከጾሙ ሰዓት እናወጣዋለን፤ በረመዳን ቀን ላይ የሚጾሙት አጭርና ቀላል ጉዞ ብቻ ያደርጋሉ፤ ማንም ማንንም «ሰነፍ» አይልም። ሽሮና ምስር ጡንቻን የሚጠግን ፕሮቲን ስላላቸው የጾም ምግብ ስፖርተኛን አይጎዳም።

ከምግብ ሁሉ የሚበልጠው ግን እንቅልፍ ነው። በእኛ ዕድሜ ላሉ ልጆች በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመከራል። ይህን በመጻፋችን ወላጆች ስልካችንን በጊዜ ሊቀበሉን እንደሚችሉ እናውቃለን። ቢሆንም ቃል ገብተን ስለነበር ጽፈነዋል።

በጥንድ መንዳት

በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚደረግ ኬፕ ኤፒክ የሚባል የስምንት ቀን የተራራ ብስክሌት ውድድር አለ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይነዳሉ፤ በመካከላቸውም ከሁለት ደቂቃ በላይ ልዩነት ሊኖር አይችልም። ብርቱው ብቻውን ቢሮጥ ጊዜ ይቀጣል። ይህን ሕግ ወደድነውና ለልምምድ ወሰድነው። እያንዳንዱ አባል ጥንድ አለው። ጥንዱ የት እንዳለ የማያውቅ ልጅ በማግስቱ የሁሉንም ካቴና ያጥባል።

ከዚህ ሕግ ያገኘነው ጥቅም ደኅንነት ብቻ አይደለም። ጓደኛችንን ስንጠብቅ አካባቢውን ማየት ጀመርን። በካሩራ ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ሲዘሉ አየን፤ ድኩላ መንገድ ስታቋርጥ ቆመን አሳለፍን። ይህ ጫካ በ1990ዎቹ ለግንባታ ሊቆራረስ ሲል ዋንጋሪ ማታይና ሌሎች ሰዎች እየተደበደቡ የተከላከሉት ነው። እኛ ዛሬ የምንነዳበት ጥላ የተከፈለበት መሆኑን ያወቅነው ቆመን የማንበቢያውን ሰሌዳ ስናይ ነው። አንድ ቅዳሜም ወደ ንጎንግ ኮረብታዎች ሄደን ከሸንተረሩ ላይ ስምጥ ሸለቆውን ቁልቁል አየን። ያ ሸለቆ በኢትዮጵያም ያልፋል፤ ከእኛ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው የተወለዱት በዚያው ሸለቆ ዳርቻ ነው። ለአማተር ስፖርተኛ ዋናው ሽልማት ይህ ይመስለናል። አማተር ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ስለሚወደው የሚሠራ ሰው ነውና።

ዘንድሮ

ዘንድሮም በዚያው የሻይ እርሻ ስምንት ሆነን ተሰለፍን። ማታ ዘንቦ ስለ ነበር ቀዩ አፈር ሳሙና ሆኖ ነበር። ዙሩ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፤ የእኛ ምድብ አራት ጊዜ ይዞራል። ከአንድ ቀን በፊት መንገዱን በእግራችን ዞረን አይተነው ነበር።

ፊሽካ ሲነፋ ሌሎቹ ሁሉ ተፈተለኩ። እኛ ከኋላ ቀረን። ከዳር የቆሙ ሰዎች አዘኑልን። እኛ ግን ፊደል እየቆጠርን ነበር። በሁለተኛው ዙር ቀድመውን የነበሩትን አንድ በአንድ ማግኘት ጀመርን፤ ማለፍ ስንፈልግ «በቀኝህ ነኝ!» እያልን አለፍን። በሦስተኛው ዙር ከጅቡቲ የመጣው ጓደኛችን የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ጎማው ተንፍሶ ቆሞ ሲያይ የራሱን መቀየሪያ ሰጥቶት አለፈ። ከዚያ በኋላ የእርሱ ጎማ ቢተነፍስ ኖሮ አይጨርስም ነበር። አልተነፈሰም።

ባለፈው ዓመት እህታችን የወደቀችበት ቁልቁለት ላይ እናቷ ቆመው ነበር። ማንም እዚያ እንዲቆሙ አልነገራቸውም፤ ቦታውን ራሳቸው ጠይቀው ነው የሄዱት። በመጀመሪያው ዙር ልጃቸው ስትደርስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ልጅቷ ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱን ፍሬን ያዘች፤ ወገቧን ወደ ኋላ አሳለፈች፤ ዓይኗን ከሥሩ ላይ አንሥታ መንገዱን አየችና ወረደች። በሁለተኛው ዙር እናቷ ነጠላቸውን ዝቅ አደረጉ። በአራተኛው ዙር «አይዞሽ! ጭብጦሽን ብዪ!» እያሉ ይጮኹ ነበር።

ስምንታችንም ጨረስን። ከእኛ የተሻለው አሥራ አንደኛ ወጣ፤ እህታችን ከመጨረሻው አራተኛ ነበረች። ሜዳሊያ አላመጣንም። ማታ በአውቶቡስ ስንመለስ እናቷ ድፎ ዳቦ ቆርሰው እያደሉን፣ «የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እኔ ነኝ የምናገረው» አሉ። ምን እንደሚሉ አልጠየቅናቸውም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በፊት 32፣ በኋላ 16 ጥርስ ባለው ማርሽ፣ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን፣ አንድ ዙር ፔዳል ስንት ሜትር ይወስዳል?

2. በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በ2 ሜትር የሚቆም ብስክሌት፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በስንት ሜትር ይቆማል? ከቁልቁለቱ በፊት ለምን ፍሬን እንደሚያዝ በዚህ አስረዱ።

3. በቤታችሁ ከሚዘጋጁት ምግቦች ውስጥ እየነዱ ሊበሉ የሚችሉት የትኞቹ ናቸው? እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ።

4. መቀየሪያ ጎማውን የሰጠው ጓደኛችን ትክክል አደረገ ትላላችሁ? እናንተ በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?